በጡሩንባውና በበርሜሉ መካከል

ጋሽ ገነነ ዳልጮ ጡረታ በወጡ ቀን መሥሪያ ቤታችን የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ለአርባ ምንጭ ከተማ ሰዓት ሲጠብቁ ለኖሩ ሰው የግድግዳ ሰዓት! ያውም በቀን አራት ደቂቃ የሚሮጥ። ሁላችንም አጨበጨብን፤ እኔም አጨበጨብኩ። እሳቸው ሰዓቱን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አዳመጡና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው በብብታቸው ይዘውት ወጡ። በሳምንቱ ቤታቸው ስሄድ የዶሮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየሁት። «ለነሱ ይበቃቸዋል» አሉኝ። አልሳቁም።

ፌቨን እባላለሁ። የጣቢያው ታይፒስት ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ንዴቴ አልበርድ ስላለኝ ነው። ሰው ሁሉ «ያለፈ አልፏል፣ ተይው» ይለኛል። ለማን ነው ያለፈው? ለእኔ አላለፈም።

የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያችን ከከተማው ላይኛው ሰፈር፣ ከሸቻ ዳር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከታች የኩልፎ ወንዝና የሙዝ አትክልቱ፣ ከዚያ ወዲያ ሐይቆቹ ይታያሉ። ጣቢያውን የሠሩት፣ ካርታ ሊያነሱ የመጡ ፈረንጆች ናቸው። ካርታ ለማንሳት ሰዓቱ ከሰከንድ ባነሰ ልዩነት ልክ መሆን አለበት አሉ፤ ስለዚህ ጠባብ ቤት ሠርተው፣ ጣራውን መሃል ለመሃል ሰንጥቀው፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ብቻ የሚዞር መነጽር ተከሉ። ፀሐይ ወይም ኮከብ በመነጽሩ ውስጥ የተወጠረውን ክር ስታቋርጥ ሰዓቱ ይመዘገባል። ሥራው ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል፤ ለሚንቀው ሰው ሁሉም ሥራ ቀላል ነው።

ጋሽ ገነነ በ1962 ዓ.ም. እዚያ የተቀጠሩት በዘበኝነት ነበር። የኦቾሎ ሸማኔ ልጅ ናቸው፤ አባያን ቁልቁል ከሚያየው ተራራ የወረዱት አንድ ጋቢና አንድ የልብስ ቅያሪ ይዘው ነው። አንድ ቀን የመነጽሩ ክር ተበጠሰ። ክር ስል የሸረሪት ድር ማለቴ ነው፤ የጥጥ ክር በመነጽር ሲታይ እንደ ጠፍር ይወፍራል። ፈረንጁ ከአገሩ እስኪላክለት ሁለት ወር ሊጠብቅ ተዘጋጀ። ዘበኛው ግን ዝም ብለው ኩልፎ ወረዱና ከሙዝ ቅጠል መሃል አንዲት ሸረሪት በክብሪት ቀፎ ይዘው ተመለሱ፤ ድሯን በሸማኔ ጣት ወጥረው ቦታው ላይ አሰሩለት። ከዚያ ቀን በኋላ ዘበኛ መሆናቸው ቀረ። ፈረንጆቹ ካርታቸውን ጨርሰው ሲሄዱ መነጽሩንም ሰዓቱንም ለእሳቸው አስረክበው ነው የሄዱት።

እኔ በ1985 ዓ.ም. በኮንትራት ስቀጠር ጋሽ ገነነ የከተማው ሰዓት ነበሩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትልቁን ባለፔንዱለም ሰዓት ይሞላሉ። ከዚያ አጭር ሞገድ ራዲዮውን ከፍተው የሰዓት ምልክቱን ያዳምጣሉ፤ አምስት አጭር ጢጥታ፣ አንድ ረጅም። ሰዓታቸው ስንት እንደቀደመ ወይም ስንት እንደዘገየ መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ ስልክ ያነሳሉ፤ ለቴሌ፣ ለመናኸሪያ፣ ለሆስፒታል። «ገነነ ነኝ። በል ስል ሁለት ሰዓት ነው... በል!» በዚያች «በል» ከተማው ሰዓቱን ያስተካክላል። መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ሹፌሮች ዳገቱን ወጥተው የእጅ ሰዓታቸውን ከእሳቸው ጋር ያስተያዩ ነበር። አንድም ቀን «ወደ ... ገደማ» ሲሉ አልሰማኋቸውም።

እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሁለት ምልክት ይሰጣሉ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልናገረው።

አንደኛው ምልክት በእጅ የሚሽከረከረው ጡሩንባ ነው። ልክ በስድስት ሰዓት ይጮኻል። ድምፁ ኩልፎ እስኪደርስ ዘጠኝ ሰከንድ ይፈጃልና ጋሽ ገነነ ዘጠኝ ሰከንድ አስቀድመው ይጀምሩት ነበር። ይህ የአገሩ ስድስት ሰዓት ነው፤ ጎንደርም ሐረርም አንድ ነው። ፀሐይ ግን አርባ ምንጭ ላይ ከፍታዋ ጫፍ የምትደርሰው በስድስት ሰዓት አይደለም፤ ቆይታ ነው። በጥቅምት ማለቂያ አሥራ ሦስት ደቂቃ፣ በየካቲት መጀመሪያ አርባ አራት ደቂቃ ትቆያለች። እሷ መነጽሩ ውስጥ ክሩን ስታቋርጥ ሁለተኛው ምልክት ይሰጣል፤ ቀይ ቀለም የተቀባ ባዶ በርሜል ከረጅም ምሰሶ ጫፍ ይለቀቃል። ከኩልፎ አትክልት ውስጥ ሆኖ ቀና ያለ ሁሉ ያየዋል። ጡሩንባው የሰዓት ስድስት ነው፤ በርሜሉ የፀሐይ ቀትር።

አሁን ወደ ውሃው። ኩልፎ ዳር አንድ ቦይ አለ። ጠዋት ውሃው የትልቁ እርሻ ነው። ጡሩንባው ሲጮኽ የእርሻው ሠራተኞች ለምሳ ይወጣሉ፤ ሲወጡ የቦይ በራቸውን ዘግተው ውሃውን ወደ ታች ይለቁታል። ከሰዓት በኋላ ውሃው የማዶዎቹ ነው፤ ከቦዩ ማዶ የሚያርሱት ገበሬዎች። የማዶዎቹ ተራ ግን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚጀምረው ጥላ ሲያጥር ነው። ድሮ ጥላውን በተተከለ እንጨት ይለኩ ነበር፤ አንዱ እንጨቱን ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ እያዘነበለው በየበጋው ጠብ ነበር። በ1964 ዓ.ም. የአንድ ሰው ክንድ በአካፋ ተሰበረ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ ተቀመጡ። ዱቡሻ የጋሞ አባቶች የሚመክሩበት የሣር ሜዳ ነው፤ እዚያ ላይ ውሸት አይነገርም፣ የተማለውም አይፈርስም። እንጨቱ ይነቀል፣ ቀትርን የሚለየው የጣቢያው በርሜል ይሁን፣ በርሜሉ ከወደቀ በኋላ ማንም አይከራከር ብለው ማሉ።

እንግዲህ በጡሩንባውና በበርሜሉ መካከል ያለው ውሃ የማንም አልነበረም። ዝም ብሎ ወደ ጫሞ ይፈስ ነበር፤ ለአዞ። በ1974 ዓ.ም. እትዬ ልክነሽ የሚባሉ ሴት ባላቸው ሞተባቸው። ከኦቾሎ የወረዱ መጤ ስለነበሩ መሬት ቢኖራቸውም የቦይ ተራ አልነበራቸውም፤ ሦስት ልጆችና የደረቀ ማሳ ይዘው ቀሩ። የቦዩን ተራ የሚያስከብሩት፣ የውሃ አባት የሚባሉት አቶ ማቴዎስ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡና ባለቤት የሌለውን ውሃ ለእኚህ ሴት ሰጧቸው። ጡሩንባው ሲጮኽ ይከፍታሉ፣ በርሜሉ ሲወድቅ ይዘጋሉ። የሚገርመው፣ ያቺ ክፍተት በጣም የምትረዝመው በጥርና በየካቲት ነው፤ ዝናብ በሌለበት፣ ሙዝ በሚጠማው ወር። እትዬ ልክነሽ በዚያች አርባ ደቂቃ ሦስት ልጅ አሳደጉ።

አሁን አቶ ተክለወልድ ይመጣል። ቢሮ ውስጥ «እርስዎ» እለው ነበር፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ ነው። በኅዳር 1987 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ኃላፊ ሆኖ ተላከልን። ያልተማረ አልነበረም፤ ባይማር ኖሮ ይሻል ነበር። ወርቃማ የእጅ ሰዓት ያስራል፤ ሲናገር ክንዱን ዘርግቶ ያያታል፤ ሰው ሲያናግረው ደግሞ ደጋግሞ ያያታል። ጣቢያውን በሁለት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አላየም። መነጽሩ ያለበት ቤት ከቢሮው ሃያ እርምጃ ነው።

ጥር 12 ቀን ከላይ የመጡ ተቆጣጣሪዎች ነበሩ። አንደኛው መዝገቡን ገልጦ ለምን ሁለት እኩለ ቀን እንዳለ ጠየቀ። አቶ ተክለወልድ መልሱን አያውቅም፤ አላውቅም ማለት ደግሞ ሞቱ ነው። እንግዶቹ እንደሄዱ ጋሽ ገነነን አስጠራ። እኔ ታይፑ ላይ ነበርኩ።

«ጥር አሥራ ሁለት፣ ቀትር፣ ስድስት ሰዓት ከአርባ አንድ» ብሎ አነበበ። «አርባ አንድ ደቂቃ! በሰው ፊት አዋረዱኝ እኮ። ቀትር ስድስት ሰዓት አይደለም?»

«ስድስት ሰዓትማ ጡሩንባው ጮኸ፣ ጌታዬ። ይሄ የፀሐይዋ ነው።»

«ፀሐይ የዚህ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት?»

«አለቃው ናት» አሉ ጋሽ ገነነ። ለቀልድ አልነበረም፤ የእውነታቸውን ነው።

ፊቱ ሲቀላ አየሁ። ጋሽ ገነነ ግን አላስተዋሉም፤ እሳቸው ሥራቸውን የሚጠይቅ ሰው በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ሠንጠረዡን አወጡ፣ የወራቱን ልዩነት አሳዩት፣ ስለ ቦዩ ነገሩት። በመጨረሻ «ነገ ቀትር ላይ ሃያ እርምጃ ይምጡልኝ። እንጨት እተክላለሁ፤ ጥላዋን በዓይንዎ ያያሉ» አሉት።

«እኔ ስለ ጥላ አልከራከርም» አለ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ፣ «ያቺ ውሃ የምታገኘው ሴትዮ ግን የኦቾሎ ሰው ናት አሉ። የአገርዎ ልጅ» አለ።

ጋሽ ገነነ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ሠንጠረዡን አጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉት።  ሃያ ሦስት ዓመት ፀሐይን ሰከንድ በሰከንድ ሲጠብቁ የኖሩትን ሰው ለአገር ልጅ ሲሉ ፀሐይን አዘገዩ አላቸው። እኔ ያን ጊዜ መነሳት ነበረብኝ። ማሽኑ ላይ አቀርቅሬ ሪባኑን የማስተካክል መሰልኩ።

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለበላይ መሥሪያ ቤት የሚላክ ሪፖርት ነው፤ ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። «በጣቢያው ለረጅም ዓመታት ሲፈጸም የቆየው የአርባ አንድ ደቂቃ መዘግየት ተደርሶበት፣ ከጥር 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የቀትር በርሜል ከጡሩንባው ጋር በአንድነት ልክ በስድስት ሰዓት እንዲወርድ ትእዛዝ የተሰጠ መሆኑን እናሳውቃለን።» «መዘግየት» የምትለው ቃል ላይ ጣቴ ቆመ። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከጋሽ ገነነ ጋር ስንት ቀን ቆሜ ጥላ አይቻለሁ። ግን ጻፍኩት። በካርቦን ሁለት ግልባጭ አወጣሁ። አቶ ተክለወልድ ጋሽ ገነነን ከግርጌው «አይቻለሁ» አስብሎ አስፈረማቸውና ወረቀቱን መልሶ ወሰደ። ለገበሬዎቹ እንኳ ይነገራቸው ብለው ለመኑት። «እኛ የገበሬ ማኅበር አይደለንም» አላቸው።

ጥር 15 ሰኞ ቀን ጡሩንባውና በርሜሉ እኩል ሆኑ። ትልቁ እርሻ በሩን ሲዘጋ በዚያችው ደቂቃ ማዶዎቹ ከፈቱ። ሕጋቸው ነው፤ በርሜሉ ወደቀ፣ ቀትር ሆነ፣ አለቀ። እትዬ ልክነሽ ዶማቸውን ይዘው ቦዩ አፍ ላይ ቆመው ቀሩ። የማዶዎቹ ዋና ሰው አበጋዝ የሚባለው ነበር፤ «እኔ በርሜል ሰቃይ አይደለሁም፣ የማልነውን ነው የማደርገው» አላቸው አሉ። እውነቱን ነው። አቶ ማቴዎስም ጨነቃቸው፤ ጥላው ገና ረጅም እንደሆነ በዓይናቸው እያዩ ነው። ግን በርሜሉን አንከራከርም ብለው ዱቡሻ ላይ የማሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። መሐላ እንዴት ይፈርሳል?

በዚያ ሳምንት ጋሽ ገነነ ትእዛዙን ፈጸሙ። በርሜሉን ይለቃሉ፣ ከዚያ መነጽሩ ቤት ገብተው ፀሐይዋን ይጠብቁና እውነተኛውን ቀትር መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። ማንም የማያየው ቀትር። ስድስት ከአርባ ሁለት። ስድስት ከአርባ ሦስት።

በዘጠነኛው ቀን እትዬ ልክነሽ ዳገቱን ወጥተው መጡ። ነጠላቸው ውስጥ የሙዝ ችግኝ ይዘው ነበር፤ ጠውልጎ እንደ ጨርቅ ተጣጥፏል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና፣ «ወንድሜ ገነነ» አሉ፣ «ፀሐይ ታማለች እንዴ? ለምን ትቸኩላለች?»

«ፀሐይ ደህና ናት።»

«ታዲያ በርሜሉ ነች የታመመች?»

«በርሜሉም ደህና ነው።»

«በጀሪካን ከወንዝ ቀዳሁ። ወገቤ አለቀች። መቶ ሥር ሙዝ በጀሪካን ትጠጣለች? ንገረኝ እስቲ፣ ምን በደልኩ?»

ጋሽ ገነነ ያቺን የጠወለገች ችግኝ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ «ቅዳሜ ዱቡሻ ጥሩልኝ በያቸው። እኔ እናገራለሁ» አሉ። ሴትየዋ ሲሄዱ ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ ፌቨን፣ የደብዳቤው ግልባጭ ፋይል ውስጥ አለ። ቅዳሜ አሳይቼ እመልስልሻለሁ።»

የፋይሉ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። አንገቴ ላይ፣ በክር። «ጋሽዬ» አልኩ፣ «ኮንትራቴ የካቲት ላይ ያልቃል። የሚያድሰው እሱ ነው። እናቴን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፣ ያውቃሉ...»

«ገባኝ» አሉ። ወዲያው ነው ያሉት፤ እንድጨርስ እንኳ አላስቸገሩኝም። ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር።

ዓርብ ማታ ከሥራ ስወጣ ግልባጩን አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩትም። ቅዳሜ ከሰዓት ዱቡሻው ወዳለበት ሄድኩ፤ ከሴቶቹ ጋር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ፤ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ሁለት እጄን ጫንኩበት።

ሽማግሌዎቹ በክብ ተቀምጠዋል። አቶ ማቴዎስ ከፈቱት። ጋሽ ገነነ ተነሱ፤ የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰው ነበር የመጡት።

«ከጥር አሥራ አምስት ጀምሮ» አሉ፣ «በርሜሉ ያልሆነ ቀትር ነው የሚነግራችሁ። ጥላ ሳያጥር ነው የሚወድቀው። የልክነሽ ውሃ የተወሰደው በዚህ ነው። እንጨት ትከሉና እዩት።»

ጉርምርምታ ተነሳ። አበጋዝ ብድግ አለ። «ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«ትእዛዝ ነው።»

«የማን ትእዛዝ? ወረቀቱ የታል?»

 እኔ እዚያ ነኝ፤ ሠላሳ እርምጃ አልሞላም። ቦርሳዬን ቢከፍቱት ወረቀቱ አለ፤ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ማኅተሙ። ጋሽ ገነነ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ያውቃሉ፣ መምጣቴንም አይተዋል። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ቢያዩ እነሳ ነበር፤ እንዲህ እላለሁ ለራሴ እስከ ዛሬ። አላዩም። ሆን ብለው አላዩም።

«ወረቀት የለኝም» አሉ። «ገመዱን የምለቀው እኔ ነኝ። እጁ የኔ ነው። አሥራ ሦስት ቀን የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ።»

 ዱቡሻ ላይ ቆሞ ዋሽቻለሁ ያለ ሰው ብዙዎቹ በዕድሜያቸው አላዩም። አበጋዝ ግን አልተቀመጠም።

«አሥራ ሦስት ቀን ብቻ መሆኑን በምን እናውቃለን? ሃያ ሦስት ዓመት በርሜልህን አምነን ኖረናል። እሱስ?»

ይህን ጥያቄ እጠላዋለሁ። አበጋዝን እጠላዋለሁ፣ ጠያቂነቱ ትክክል ስለነበረ ደግሞ የባሰ እጠላዋለሁ። ያቺ ወረቀት ብትወጣ ኖሮ ጥያቄው ባልተጠየቀ። «ከጥር 15 ጀምሮ» ትላለች እኮ! ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ ንጹሕ የምታደርግ አንድ መስመር እኔ ጭን ላይ ነበረች።

ጋሽ ገነነ «እሱን እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ተቀመጡ።

ሽማግሌዎቹ መከሩ። መሐላው ተነሳ፤ በርሜሉ ከእንግዲህ ዳኛ አይሁን ተባለ፤ እንጨቱ ይመለስ። ያን ጊዜ ጋሽ ገነነ ከካፖርታቸው ኪስ ቱንቢ አወጡ። ፈረንጆቹ ጥለውላቸው የሄዱት የናስ ቱንቢ ነው፤ መነጽሩን የሚያቀኑበት። ለአቶ ማቴዎስ ሰጧቸውና «እንጨቱን በዚህ አቅኑት። ከእንግዲህ ወዲህ ወዲያ የሚያዘነብለው የለም» አሉ። በማግስቱ እሑድ እትዬ ልክነሽ ውሃቸውን አገኙ። አርባ አራት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ጥላው አጠረ፤ ማዶዎቹ ከፈቱ። ያ ክፍተት እስከ ዛሬ የእሳቸው ነው።

ስለ ጋሽ ገነነ ግን ልናገር። ዱቡሻ ላይ ዋሽቻለሁ ያለ ሰው እዚያ ዳግመኛ አይናገርም። ወሬው ደግሞ በሁለት ቀን ከኩልፎ እስከ ጫኖ፣ ከጫኖ እስከ ገበያው ደረሰ፤ ሲደርስ «አሥራ ሦስት ቀን» የምትለዋ መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታ ነበር። «የጣቢያው ሰውዬ ሲዋሸን ኖሯል» ሆነ። ዳገቱን ወጥቶ ሰዓቱን የሚያስተያይ ሰው ቀረ። መናኸሪያ ስልክ ሲደውሉ «ግዴለም፣ በራዲዮ እናስተካክላለን» አሏቸው። ገበያ መሃል ሲያልፉ ሰዎች የገዛ እጃቸውን ያያሉ እንጂ «ጋሽ ገነነ፣ ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ጠፋ። ከሰው ጋር ሰላምታቸው ያ ነበር፤ ሌላ ሰላምታ አያውቁም።

አቶ ተክለወልድ የመሥሪያ ቤቱን ስም አጥፍተዋል ብሎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወራቸው። መጥረጊያና የቀለም ቆርቆሮ አስቆጠራቸው። መነጽሩ ቤት ተቆለፈ። በርሜሉን ዘበኛው ደስ ባለው ሰዓት ሲለቀው ከረመ፤ በኋላ ግንበኞች ወስደው ሲሚንቶ አቦኩበት። አቶ ተክለወልድ «ለረጅም ዓመታት የቆየ ስህተት በማረም» ተብሎ ተመሰገነና በዓመቱ ከፍ ብሎ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ኮንትራቴን አድሶልኝ ነው የሄደው።

ጋሽ ገነነን ቤታቸው እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። አንድ ቀን፣ ዶሮ ቤቱ አጠገብ ተቀምጠን፣ ልናገረው አፌን ከፈትኩ። «ጋሽዬ፣ ያኔ ዱቡሻው ላይ ወረቀቱ...»

«ኮንትራትሽ ታደሰ?» አሉኝ።

«ታደሰ።»

«ደግ» አሉ። እናቴ እንዴት እንደሆነች ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲያ አላነሳነውም።

የሞቱት በየካቲት 1991 ዓ.ም. ነው። ልባቸው ነው አሉ። ቀብሩ የካቲት 4 በስድስት ሰዓት ተባለ። ብዙ ሰው አልመጣም፤ ቤተሰቦቻቸው ከኦቾሎ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች፣ ከኩልፎ ደግሞ እነ አቶ ማቴዎስና እትዬ ልክነሽ። አበጋዝም ከኋላ ቆሟል። ከጣቢያው የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሸቻ አፋፍ ጡሩንባው ሲጮኽ ፓስተሩ መጽሐፋቸውን ገልጠው ወደ ጉድጓዱ ቀረቡ።

«ገና ነው» አሉ እትዬ ልክነሽ።

ፓስተሩ የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩዋቸው። «ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ እናቴ።»

«የሱ ስድስት ሰዓት አልሆነችም። እሱ በጥላ ነው የሚሄደው።» ከነጠላቸው ሥር ቀጥ ያለ እንጨት አወጡና ከጉድጓዱ ራስጌ ተከሉ። አቶ ማቴዎስ ያንን የናስ ቱንቢ ይዘው መጥተው ነበር፤ ተንበርክከው አቀኑት። ማንም አልተቃወመም። ቆመን ጥላውን መጠበቅ ጀመርን።

አርባ አራት ደቂቃ ረጅም ነው። ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ወሬ የለም፣ ሳጥኑ እዚያ ነው።  አሥር ደቂቃ ያህል እንደቆምን ቦርሳዬን ከፈትኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ደብዳቤውን አውጥቼ ከቁጥሩ ጀምሬ እስከ ማኅተሙ ድረስ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ከጥር 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ» የምትለውን ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

አበጋዝ ኮፍያውን አወለቀ። አቶ ማቴዎስ እጃቸውን ዘረጉ፤ ወረቀቱን ተቀብለው ማንበብ ባይችሉም ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ይቺ ወረቀት የት ነበረች?»

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

«አራት ዓመት?»

«አራት ዓመት» አልኩ።

አልሰደቡኝም። ምነው በሰደቡኝ። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው ሳጥኑን ከሸፈነው ጋቢ ሥር አስገቡት። እትዬ ልክነሽ ከእንጨቱ ጥላ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ «እኔ ውሃዬን አገኘሁ» አሉ። «እሱ ግን ስሙን ሳያገኝ ሄደ።»

 ጥላው ትንሽ በትንሽ እያጠረ መጣ። መንቀሳቀሱን ያቆመ ሲመስል እትዬ ልክነሽ እጃቸውን አነሱ።

«አሁን» አሉ። ሳጥኑን አወረዱት።